የሰማዕቱ ጢም፦ ከፕራግ እስከ ኮንስታንስ

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። ከዓመታት በፊት ስለ ያን ሁስ አንድ አጭር ጽሑፍ ለመጽሔት ጽፌ ነበር። ከጽሑፉ ጋር የወጣው ሥዕል ጢሙን ያንዠረገገ፣ ቆብ ያጠለቀ፣ በጎን የሚታይ ሰው ነው። ከሥሩ በራሴ እጅ «ያን ሁስ በ1415» ብዬ መግለጫ ጻፍኩ። መጽሔቱ ወጥቶ ሳምንት ሳይሞላው አንድ አዛውንት ደወሉልኝ። ስማቸውን አልነገሩኝም፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ልጅ መሆናቸውንና ለአባታቸው ቀለም እየበጠበጡ ማደጋቸውን ብቻ ነው የነገሩኝ።

«ልጄ፣ ይኼን ሰው የሣለው አይቶት ነው?»

«አባባ፣ ሥዕሉ ላይ እኮ 1415 የሚል ተጽፎበታል።»

«መጻፉንማ ይጻፍ። የኔ አባት ቅዱስ ጊዮርጊስን ሲሥል አይቶት ነበር?» አሉና ሳቅ ብለው ስልኩን ዘጉት።

መልስ አልነበረኝም። ባለፈው ክረምት መግቢያ እኅቴን ልጠይቅ ፍራንክፈርት በሄድኩ ጊዜ ግን ጥያቄያቸው አብሮኝ ተሳፈረ። እኅቴ «እዚህ ድረስ መጥተህ የሞተ ሰው ጢም ልትፈልግ ነው?» አለችኝ። አዎ፣ ለዚያ ነበር። ስንቅ ቋጥራ ፕራግ በሚሄደው አውቶቡስ አሳፈረችኝ።

ፕራግ፣ ሰኔ 27

በእኛ ዘንድ ወንጌላውያን በብዛት «ጆን ሁስ» ይሉታል። የአገሩ ሰዎች ግን «ያን» ነው የሚሉት። ሁስ በቋንቋቸው ዝይ ማለት ነው፤ በደቡብ ቦሄሚያ ሁሲኔትስ በምትባል መንደር ስለተወለደ ከመንደሩ ስም ተቆርጦ የወጣ ነው። ራሱም በደብዳቤዎቹ እየቀለደ ራሱን ዝይ ይል ነበር። በ1400 ቅስና ተቀበለ፤ በ1402 የቤተልሔም ጸሎት ቤት ሰባኪ ሆነ፤ በ1415 ኮንስታንስ ላይ በእሳት ተቃጠለ። «ፕሮቴስታንት» የሚለው ቃል የተፈጠረው እሱ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1529 ነው። ስለዚህ ያን ሁስ ፕሮቴስታንት መባሉን ሳያውቅ የሞተ የፕሮቴስታንቶች ሰማዕት ነው። እንግዲህ ስሙን እንኳን ሌሎች ከኋላ ካወጡለት፣ መልኩን ማን አወጣለት?

የአሮጌው ከተማ አደባባይ ቱሪስት አፍኖታል። መሐል ላይ የሁስ ሐውልት ተገትሯል። ቀራጺው ላዲስላቭ ሻሎውን ይባላል። የመሠረት ድንጋዩ በ1903 ተጥሎ፣ ሐውልቱ ሁስ በሞተ በ500ኛው ዓመት በ1915 ተመረቀ። ተመረቀ ማለት እንኳን ይከብዳል፤ ጊዜው ጦርነት ነበር፤ አገሩን የሚገዙት የኦስትሪያ ባለሥልጣናት ሥነ ሥርዓቱን ስለከለከሉ ሕዝቡ ያለ ንግግር ሐውልቱን በአበባ አለበሰው። ሁስ ረጅም፣ ከሲታ፣ ካባው እስከ እግሩ የወረደ፣ ጢማም ነው። በዙሪያው ተዋጊዎችና ስደተኞች ተኮልኩለዋል፤ ጨቅላ የያዘች እናትም አለች። እሱ ከሁሉም በላይ ብቻውን ቆሟል።

ሥራው ያምራል። እንዲያም ሆኖ ፊቱን ባየሁት ቁጥር የፕራግ ቄስ ሳይሆን ከብሉይ ኪዳን የወጣ ነቢይ ይመስለኛል። ኤርምያስ ነው ቢሉኝ አምናለሁ።

ከሐውልቱ ጥቂት ራቅ ብሎ የማርያም ዓምድ ቆሟል። ዋናው በ1650 የተተከለ ነበር፤ ኅዳር 1918 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ አገሪቱ ነጻነቷን ባወጀች በቀናት ውስጥ፣ ሰዎች በገመድ ስበው ጣሉት፤ አገሪቱን ይገዙ የነበሩት የሐብስበርጎችና የካቶሊክ የበላይነት ምልክት ነው ብለው። ከመቶ ዓመት በኋላ በ2020 በአምሳያው መልሰው ተከሉት። ዛሬ ሁለቱ በአንድ አደባባይ ተፋጠው ይኖራሉ። አንዲት አስጎብኚ ቱሪስቶቿን በሁለቱ መካከል አቁማ ስታስረዳ ሰማኋት፤ ስለ ሁስ ሦስት ደቂቃ፣ ስለ ዓምዱ ሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ ወደ ቢራ ቤት።

ሰኔ 28

የቤተልሔም ጸሎት ቤት የሚገኘው ከአደባባዩ በእግር ብዙ በማይርቅ ሌላ ትንሽ አደባባይ ላይ ነው። ከውጭ ሲታይ ሁለት ሹል ጣሪያ ጎን ለጎን የገጠመ ነጭ መጋዘን ነው። ጉልላት የለው፣ የደወል ማማ የለው። ለዚህ ምክንያት አለው። በ1391 ሲቆም የተሰጠው ሥራ አንድ ነበር፤ በቼክ ቋንቋ ስብከት ማሰማት። በዚያ ዘመን ቅዳሴው በላቲን ነው፤ ሕዝቡ የሚሰማው ቋንቋ የሚነገርበት ሰፊ አዳራሽ ያስፈልግ ነበር። ወደ 3,000 ሰው ይይዝ ነበር ይባላል። ሁስ እዚህ ለአሥር ዓመት ሰበከ።

ገብቼ ወለሉ ላይ ጉድጓድ አየሁ። እውነተኛ የውኃ ጉድጓድ ነው፤ በአዳራሹ ውስጥ ይገኛል። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ከታች ጨለማ ነው። ከዚህ ቤት ዛሬ ከቀረው እውነተኛ ነገር አንዱ እሱ ነው። ምክንያቱም ቤቱ ራሱ በ1786 ፈርሷል። አሁን የቆመው በ1950ዎቹ መጀመሪያ የኮሙኒስቱ መንግሥት የሠራው ነው፤ በጎረቤት ቤቶች ተሸሽገው የቀሩ ግድግዳዎችን ፈልጎ፣ በእነሱ ላይ መልሶ አቆመው። ሃይማኖትን የማይወድ መንግሥት ለምን ጸሎት ቤት ይሠራል? ሁስን የድሆች ታጋይ፣ የአብዮት ቀዳሚ አድርጎ ስለወሰደው ነው። በ1954 ደግሞ የፊልም ዳይሬክተሩ ኦታካር ቫቭራ «ያን ሁስ» የሚል ትልቅ ባለቀለም ፊልም ሠራ። የእኛን የ1960ዎቹን ዘመን የሚያስታውስ አንባቢ ነገሩ አይገርመውም፤ ቴዎድሮስንስ ስንቱ ወገን ለራሱ አልሣለውም?

ግድግዳው ላይ ሥዕሎች አሉ። ሁስ ራሱ ግድግዳ መጽሐፍ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ስለ ስድስት ስሕተቶች የጻፈውን ጽሑፍ እዚሁ ግድግዳ ላይ አስጽፎታል። ዛሬ የሚታዩት ሥዕሎች ግን ከጥንት ብራና መጻሕፍት ተቀድተው በትልቁ የተሣሉ ናቸው። ከእነዚህ ምንጮች አንዱ የዬና ኮዴክስ የሚባለው፣ በ1500 ገደማ የተሣለው የሁሳውያን መጽሐፍ ነው። በዚያ መጽሐፍ ሥዕሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሟገታሉ፤ በአንድ ወገን ክርስቶስ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጥባል፤ በሌላው ሰዎች የጳጳሱን እግር ይሳለማሉ። ይህን ለማንበብ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

ጽዋ ደግሞ በየቦታው አለ። ያኔ በላቲን ቤተ ክርስቲያን ምእመን ሥጋውን ብቻ ነበር የሚቀበለው፤ ደሙ ለካህን የተጠበቀ ነበር። ሁስ ወደ ኮንስታንስ በሄደበት ወቅት ፕራግ ያሉ ወዳጆቹ ለሁሉም ከጽዋው መስጠት ጀመሩ፤ እሱም ከእስር ቤት በደብዳቤ ደገፋቸው። ከሞተ በኋላ ጽዋ የጦር ዓርማቸው ሆነ፤ ለዓመታት ደም ፈሰሰበት። ይህን ለአንድ የኦርቶዶክስ ቄስ ባጫውታቸው ምን ይሉኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። እኛ ዘንድ ሥጋውም ደሙም ለቆራቢ ሁሉ ሲሰጥ የኖረ ነው፤ ሰው ይዋጋበታል ብሎ የሚያስብ የለም።

ሰኔ 29

ይህ ቀን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጁላይ 6 ነው፤ በቼክ የሁስ ቀን፣ ሥራ የሚዘጋበት ብሔራዊ በዓል። አደባባዩ ላይ አበባ ተደርድሯል። ከእምነት ይልቅ ለታሪክ ክብር የመጣ ሰው ይመስለኛል የበዛው፤ አገሩ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው ካነሰባቸው አገሮች አንዱ ነው። አንድ ጎልማሳ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ሐውልቱን ያሳየዋል። ልጁ ግን የሚያየው ጣሪያ ላይ የተቀመጡትን እርግቦች ነው።

በበነጋው፣ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ የአሮጌ ሳንቲም ሱቅ መስኮት ላይ የኔን ሰውዬ አገኘሁት። በመጽሔት ያወጣሁት ራሱ! ቆቡ፣ ጢሙ፣ በጎን የሚታየው አፍንጫው፤ አልተሳሳትኩም። ሜዳልያ ነው፤ ማለትም የሜዳልያ አምሳያ። ገብቼ ላየው ስጠይቅ ባለሱቁ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ክብደቱ የጠገራ ብር ያህል ነው። በአንድ ፊቱ የሁስ ደረት፣ በሌላው እሳት ውስጥ የቆመ ሰው፤ በዙሪያው የላቲን ጽሑፍ። ከመቶ ዓመት በኋላ ለእግዚአብሔርና ለእኔ መልስ ትሰጣላችሁ የሚል ትንቢት ነው። ዓመቱም አለ፤ 1415።

«ይህ በ1415 የተሠራ ነው?» አልኩት፤ መልሱን እየጠረጠርኩ።

ሳቀ። ለብዙ ሰው የመለሰው ጥያቄ መሆኑ ያስታውቃል። ዋናው የተቀረጸው ሁስ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በያኺሞቭ ከተማ ነው። 1415 የሞተበት ዓመት እንጂ ሜዳልያው የወጣበት አይደለም። የመቶ ዓመቱ ትንቢትም ቢሆን ከኋላ የተጻፈ ነው፤ ሉተር ከተነሣ በኋላ። ዝዩን ታቃጥላላችሁ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ግን የማትችሉት ስዋን ይመጣል ብሎ ነበር የሚለው አፈ ታሪክ በሉተር ሰዎች ዘንድ ተስፋፋ። ሉተር ራሱ በ1531 ስዋኑ እኔ ነኝ ብሏል። ስዋን የሚሉት አንገተ ረጅሙን ነጭ የውኃ ወፍ ነው፤ በሰሜን ጀርመን አንዳንድ የሉተራውያን ቤተ ክርስቲያን ጫፍ ላይ በመስቀል ፈንታ እሱ ይሽከረከራል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። ያኺሞቭ በጀርመንኛ ዮአኪምስታል ትባላለች። በ1500ዎቹ መጀመሪያ ብር ተገኘባትና ትልልቅ የብር ሳንቲም መታች፤ ሳንቲሙ በከተማዋ ስም «ዮአኪምስታለር»፣ ሲያጥር «ታለር» ተባለ። አያቴ በመቀነቷ ቋጥራ ትይዘው የነበረው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብርም ታለር ነው። የሁስ ሐሰተኛ ፊት እና የአያቴ ጥሎሽ ከአንድ የብር ጉድጓድ ስም ይወርዳሉ።

ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። በእኛ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ኃጢአተኛና ርኩስ መንፈስ ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። የስልኩ አዛውንት ይህን ሜዳልያ ቢያዩ «ይኼማ ከሰቃዮቹ ወገን ነው» ይሉኝ ነበር። ሳንቲም ላይ ግን የምኒልክም ፊት በጎን ነው፤ በብር የሚቀርጽ ሰው ሥራ ሌላ ሕግ አለው።

ጢሙስ ከየት መጣ? ለእኛ ቄስ ያለ ጢም አይሞላም፤ ስለዚህ ጢማም ሰባኪ ስናይ ዓይናችን አይጠራጠርም። በሁስ ዘመን በላቲን ቤተ ክርስቲያን ግን ቄስ ጢሙን ይላጭ ነበር፤ አናቱንም በክብ ይላጫል። ጢም የዓለማዊ ሰው ነበር። በ1500ዎቹ ከሮም የተለዩት ሰባክያን ብዙዎቹ ጢማቸውን ያሳደጉት ለዚሁ ነው፤ የድሮው ዓይነት ካህን አይደለንም ለማለት። ከዚያ የራሳቸውን ሰማዕት ሲሥሉ በራሳቸው መልክ ሣሉት። በአንድ የዚያ ዘመን የእንጨት ኅትመት ሁስና ሉተር በአንድ መንበር ዙሪያ ቆመው የሳክሶኒን መሳፍንት ያቆርባሉ። ሁለቱ ሰዎች በመቶ ዓመት ይራራቃሉ። ዲያቆን ሚካኤል የሚባል የአገራችን ሰው ቪተንበርግ ሄዶ ከሉተር ጋር ስለ ሃይማኖት የተነጋገረው በ1534 ነው፤ ሁስ ጢም በሚያበቅልበት በዚያው ዘመን ማለት ነው። ከእኛ ዲያቆን ይልቅ ለሉተር ሩቁ ሁስ ነበር፤ ሥዕሉ ላይ የገባው ግን ሁስ ነው።

ሜዳልያውን አልገዛሁም። ውድ ነበር፤ ደግሞም አንዴ አታሎኛል።

ኮንስታንስ፣ ሐምሌ 2

ሁስ ይህን መንገድ በፈረስ ከሦስት ሳምንት በላይ ፈጅቶበታል፤ ኦክቶበር 11 ቀን 1414 ተነሥቶ ኖቬምበር 3 ገባ። እኔ በባቡር ሙኒክ አድሬ፣ ከፍሪድሪክስሐፈን ሐይቁን በመርከብ ተሻግሬ በማግሥቱ ደረስኩ። ወደብ ላይ የተቀበለችኝ ኢምፔሪያ ናት፤ 9 ሜትር የምትረዝም፣ በዝግታ የምትሽከረከር የጋለሞታ ሐውልት። በአንድ እጇ ዘውድ የደፋ፣ በሌላው የጳጳስ አክሊል የደፋ ራቁቱን የሆነ ትንሽ ሰው ይዛለች። ቀራጺው ፔተር ሌንክ በ1993 ሲያቆማት ከተማው ተንጫጭቶ ነበር አሉ። ሁስ የተፈረደበት የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ያመጣውን ጳጳስና መስፍን፣ እነሱን ተከትሎ የመጣውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ትሸረድዳለች። ተመችታኛለች።

ጉባኤው የተጠራው ሦስት ጳጳሳት በአንድ ጊዜ እኔ ነኝ የሮሙ ጳጳስ ስላሉ ያንን ለመፍታት ነው። ሁስ የመጣው ንጉሥ ሲጊስሙንድ በሰላም ሂድ በሰላም ተመለስ የሚል የይለፍ ደብዳቤ እንደሚሰጠው ቃል ገብቶለት ነው። በገባ በሃያ አምስተኛው ቀን ታሰረ። ከታሰረባቸው ቦታዎች አንዱ በሐይቁ ደሴት ላይ ያለ የዶሚኒካን ገዳም ነው፤ ክፍሉ ከመጸዳጃ ፍሳሽ አጠገብ ስለነበር ታመመ። ገዳሙ ዛሬ የቅንጦት ሆቴል ነው። በሩ ላይ ቆሜ የቁርሱን ዋጋ አነበብኩና ተመለስኩ።

የፈለግሁት ነገር ያለው በሮዝጋርተን ሙዚየም ነው። ኡልሪሽ ሪሽንታል የሚባል የዚሁ ከተማ ሰው የጉባኤውን ዜና መዋዕል ጽፏል። ቄስ አይደለም፤ ሊቅም አይደለም፤ ቆጣሪ ነው። ስንት ፈረስ ገባ፣ ዳቦ ስንት ተሸጠ፣ ዓሣ በምን ዋጋ ወጣ፤ ሁሉንም ይመዘግባል። የራሱ የመጀመሪያ ጽሑፍ ጠፍቷል፤ በ1460ዎቹ የተገለበጡ ባለ ሥዕል ቅጂዎች ግን አሉ፤ አንዱ የዚህ ሙዚየም ነው። እኔ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ የገለበጥኩት የታተመውን አምሳያ ነው።

ጋሪ ላይ ምድጃ ጭነው ትኩስ ዳቦ እየዞሩ የሚሸጡ ጋጋሪዎች አሉ። ሥዕሉ እንዲህ ዓይነት ነው፤ ጭስ፣ ሊጥ፣ የሚያዛጋ ደንበኛ። ጥቂት ገጽ አለፍ ሲል ሁስ ይመጣል።

የታጠቁ ሰዎች መሐል አስገብተው ይወስዱታል። ጥቁር ልብስ ለብሷል። ራሱ ላይ እንደ ጳጳስ አክሊል ሹል የሆነ ነጭ የወረቀት ቆብ ደፍቷል፤ ቆቡ ላይ ሁለት ሰይጣኖች ተሥለዋል፤ «የመናፍቃን አለቃ» የሚል የላቲን ቃልም አለ። ፊቱ ክብ ነው። ለስላሳ ነው። ጢም የለውም።

አጎንብሼ አየሁት፤ መነጽሬን አውልቄ ወደ ወረቀቱ ተጠጋሁ። የአገጩ መስመር በአንድ ቀጭን የብዕር ጭረት የተሣለ ነው። ጠባቂዎቹም እሱም አንድ ዓይነት የረጋ ፊት አላቸው፤ ክፉውን በአንድ ዓይን መሣል ይህ ሠዓሊ አያውቅም። ለሰውየው ፍቅርም ጥላቻም የለው፤ ዳቦ ጋጋሪውን በሣለበት እጅ ነው የሣለው። ቀጥሎ እሳቱ። ቀጥሎ አመዱን በአካፋ ጋሪ ላይ ሲጭኑና ወደ ራይን ወንዝ ሲጥሉ። አመዱ እንኳን እንዳይቀር የተፈለገው ሕዝቡ አፈሩን ዘግኖ እንዳይሄድ ነው፤ ይህን ሥጋት ጠበል ሄዶ እምነት ይዞ የተመለሰ ሁሉ ይረዳዋል።

የዚያን ቀን የቅርብ ምስክር ሁለት ናቸው። አንዱ ሪሽንታል ነው። ሌላው የሁስ ወዳጅ ፔትር የምላዶኖቪትሱ፣ ከቦሄሚያ መኳንንት ጋር አብሮ የመጣ ጸሐፊ። ፔትር እሳቱ ሲነድ ሁስ ይዘምር ነበር ይላል። ሪሽንታል ደግሞ ክፉኛ ጮኸ፣ ቶሎም ተቃጠለ ይላል። ፔትር ቆቡ ላይ ሦስት ሰይጣን ነበር ይላል፤ የሪሽንታል ሠዓሊ ሁለት ሣለ። ሪሽንታል ሌላም ይጨምራል፦ እዚያ ቦታ የአንድ ካርዲናል በቅሎ ሞታ ተቀብራ ነበርና መሬቱ ሲግል ክፉ ሽታ ወጣ። ይህን በቅሎ ማንም ፈጥሮ አይጽፍም። ወዳጅ አይጽፈውም፣ ለክብሩ አይመችም። ጠላትም ቢሆን የሰይጣን ሽታ ነው ባለ ነበር። እዚያ ቆሞ ያሸተተ ሰው ነው የጻፈው።

ካቴድራሉ ውስጥ ሲፈረድበት የሆነውን የምናውቀው ከፔትር ነው። ክህነቱን ሲገፉት ልብሰ ተክህኖውን አንድ በአንድ አወለቁበት። ከዚያ አናቱ ላይ ያለውን የካህን ምልክት ለማጥፋት ጳጳሳቱ ተከራከሩ፤ በምላጭ ይሁን ወይስ በመቀስ? ሁስ ወደ ንጉሡ ዞሮ፣ እነዚህ ሰዎች እኔን በማዋረዱ እንኳን መስማማት አቃታቸው አለ። በመጨረሻ በመቀስ ቆረጡት። ያንን መቀስ እያሰብኩ በካቴድራሉ ወንበር ላይ ረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ። ሰውየው ከኖቬምበር 28 እስከ ጁላይ 6፣ ሰባት ወር ከስምንት ቀን ታስሯል። በእስር ቤት ማን ላጨው? የዚያን ዕለት ጥዋት ጢም ሊኖረው ይችል ነበር። ይህ የራሴ ግምት ነው። ቢሆንም እንኳን ያ የእስረኛ ጢም እንጂ ፕራግ ላይ ያየሁት የነቢይ ጢም አይደለም፤ ሜዳልያ ቀራጩም እሱን አላሰበም።

ሐምሌ 3

ከከተማው አሮጌ ቅጥር በሽኔትስ በር ወጥቼ በእግሬ ሄድኩ። በሩ ያለበት መንገድ በስሙ የሁስ ጎዳና ይባላል። ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው፤ ሣር የሚያጭዱ ጡረተኞች፣ ብስክሌት፣ የድመት መመገቢያ። ሑሰንስታይን፣ የሁስ ድንጋይ፣ በዚያ መሐል ነው። በ1862 የተተከለ ትልቅ ቋጥኝ ነው፤ ሐረግ ወጥቶበታል። በአንድ ጎኑ የሁስ ስም፣ በሌላው ጎን በማግሥቱ ዓመት በ1416 እዚሁ የተቃጠለው የወዳጁ የፕራጉ ሄሮኒሙስ ስም። ፊት አልተቀረጸበትም።

ፔትር እንደጻፈው ከግንዱ ጋር ሲያስሩት ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነበር። አንዳንዶቹ መናፍቅ ወደ ምሥራቅ ማየት የለበትም አሉና ወደ ምዕራብ አዞሩት። ወደ ምሥራቅ ቆሞ ለሚጸልይ ሕዝብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። ድንጋዩ አጠገብ ቆሜ በስልኬ ኮምፓስ ምሥራቅን ፈለግሁ። ከአንድ ጋራዥ በላይ የባልኮኒ አበባ ይታያል።

ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኩት። በጥንቱ የጁልያን አቆጣጠር ጁላይ 6 ሐምሌ 12 ይሆናል፤ ዓመቱም 1407፣ ዐፄ ይስሐቅ በነገሡ ሰሞን። ሐምሌ ሚካኤል ነው። በዚያው ትውልድ በእኛም አገር አባ እስጢፋኖስ የሚባል መነኩሴ ተነሥቷል፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ ለመስቀልና ለሥዕል አንሰግድም ብለው ብዙ መከራ ተቀበሉ። የእነሱን ገድል ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ወደ አማርኛ መልሰውታልና ማንበብ የሚወድ ያንብብ። ሁለቱ ወገኖች አልተዋወቁም፤ አንዱ ስለ ሌላው አልሰማም። እኔ ግን ድንጋዩ ላይ ተደግፌ ሁለቱንም አሰብኳቸው።

ፍራንክፈርት ስመለስ እኅቴ «አገኘኸው?» አለችኝ። ያነሣኋቸውን ፎቶዎች አሳየኋት። ሐውልቱን፣ ፖስት ካርዱን፣ የቢራ ብርጭቆ ላይ ያለውን፣ የመጽሐፍ ሽፋኑን። እዚሁ ፍራንክፈርት የሽቴደል ሙዚየም በ1840ዎቹ ሌሲንግ የሚባል ሠዓሊ ሁስን በጉባኤው ፊት የሣለበትን ትልቅ ሥዕል ሲገዛ፣ ካቶሊክ የነበረው ኃላፊው ፊሊፕ ፋይት ሥራውን ጥሎ መውጣቱን ነገርኳት። «በሥዕል?» አለች። በሥዕል።

የአዛውንቱን ስልክ ፈልጌ አላገኘሁትም። ስለዚህ መልሴን እዚህ አኖራለሁ፤ ካነበቡት ይድረስዎ። አባባ፣ አላየውም። በመጽሔቱ «ያን ሁስ በ1415» ተብሎ የወጣው መግለጫ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የእኔ ነው። እንዲህ ተብሎ ይታረም፦ «ያን ሁስ፤ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በያኺሞቭ በተቀረጸ ሜዳልያ ላይ።»